ዓሦቹን የገደላቸው አሲዱ ነውን?

ከመካከላችን በአንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ 100 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 14 ጉፒዎች ይኖሩበት ነበር። በአንድ ክረምት የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ይመጣ ስለነበር፣ በየሳምንቱ እናደርገው የነበረውን የውኃ ቅየራ ትተን፣ የጎደለውን ብቻ ከቆርቆሮ ጣሪያ ባጠራቀምነው የዝናብ ውኃ እየሞላን ሦስት ወራት አሳለፍን። መስከረም ሲጠባ ዓሦቹ ክንፎቻቸውን አጥፈው ከገንዳው ወለል አልነሳ አሉ። ፒኤቹን ብንለካው 5.8 ሆኖ ተገኘ። ሁላችንም የሳይንስ ተማሪዎች ነበርንና መፍትሔው ወዲያው ታየን፤ ውኃው አሲዳማ ከሆነ ቤዝ ይጨመርበት! አራት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠን አፈሰስንበት። ማታ መለኪያው ወደ 8 ገደማ ሲያሳየን ተደስተን ተኛን። ሲነጋ 11 ዓሦች ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በአሲዱ ላይ ስናላክክ ቆየን። ዛሬ የምንለው ሌላ ነው። ዝቅተኛው ፒኤች የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አልነበረም፤ ዓሦቹንም የገደላቸው የእኛ ችኮላ ነው። ጉዳዩን ወደዚህ መጽሔት ያመጣነው፣ በየቤቱ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ስሕተት ሲደግሙት ስለምናይ ነው። ከዚያም በላይ የሚቆጨን ስሕተቱን የፈጸምነው ስለ ባፈር በተሰጠን ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣን ሰዎች መሆናችን ነው።

እንደሚታወቀው፣ ፒኤች የተባለውን መለኪያ ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1909 ነበር። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ ፒኤቹ 6 የሆነ ውኃ ፒኤቹ 7 ከሆነው 10 እጥፍ፣ 8 ከሆነው ደግሞ 100 እጥፍ የሃይድሮጅን አዮን ይዟል። ስለዚህ ከ5.8 ወደ 8 መዝለል በቁጥር ሲነገር ትንሽ ቢመስልም፣ በዓሦቹ ዙሪያ የነበረው የሃይድሮጅን አዮን መጠን በአንድ ሌሊት ከ150 ጊዜ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

አሲዱስ ከየት መጣ? ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወግዳል። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ በኦክስጅን አማካይነት በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሂደቱ አሲድ ያመነጫል። ይሁን እንጂ በውኃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት አሲዱን እየተቀበለ ስለሚያከሽፈው ወዲያው አይታይም። በአሞኒያ መልክ ያለ 1 ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲለወጥ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7 ግራም ያህል ከዚህ መከላከያ ይበላል። በቅየራ ካልተተካ መከላከያው ያልቃል፤ የዝናብ ውኃ ደግሞ ባይካርቦኔት የለውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ፒኤቹ ለሳምንታት ብዙም ሳይነቃነቅ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ይወድቃል። ጎተራው ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ማዕዱ እንደማይጎድልበት ቤት ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት አምቦ ውኃን ማስታወስ ይጠቅማል። ጠርሙሱ ሲከፈት የሚፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ጎምዘዝ ያደርገዋል፤ ፒኤቹንም ዝቅ ያደርገዋል። ክፍቱን ቢያድር ጋዙ ይወጣል፤ ፒኤቹም ከፍ ይላል። በውስጡ የሟሟው ብዙ ባይካርቦኔት ግን እዚያው ነው። እንግዲህ በገንዳም ውስጥ ዝቅተኛ ፒኤች ከሁለት ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል፤ ወይ ጋዙ በዝቷል፣ ወይ ባይካርቦኔቱ አልቋል። ለመለየት አንድ ብርጭቆ የገንዳ ውኃ ቀድቶ፣ በአየር ፓምፕ እያናፈሱ አሳድሮ እንደገና መለካት ነው። ፒኤቹ በግልጽ ከፍ ካለ ገንዳው የሚፈልገው አየር እንጂ ሶዳ አይደለም። ካልተነቃነቀ ግን ጎተራው ባዶ ነው።

የእኛ ጎተራ ባዶ ነበር። ቢሆንም የዓሦቹን ሞት የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። ፒኤች ወደ 6 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን በእጅጉ ስለሚያቀዘቅዙ አሞኒያው ይጠራቀማል። በአሲዳማ ውኃ ውስጥ ግን አብዛኛው ሃይድሮጅን አዮን ተቀብሎ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ደግሞ ከአሞኒያ ጋር ሲነጻጸር ለዓሣ ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን፣ ፒኤች 6 ላይ በመርዛማው መልክ የሚገኘው ከ10,000 እጅ 6 ያህሉ ብቻ ነው። ፒኤች 8 ላይ ግን ከ10,000 እጅ 540 ያህል ይደርሳል። ሶዳው ያን ሌሊት አዲስ መርዝ አላመጣም፤ ለሦስት ወር ተኝቶ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ።

«ዓሣው እየታመመ እያየን እንዴት ቀስ እንበል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ቀስ ብሎ የወረደ ፒኤች ቀስ ብሎ ይመለስ የሚል ነው። በቅድሚያ አሞኒያውን መለካት፤ ከዚያም በየቀኑ ከገንዳው ውኃ አንድ አሥረኛውን ያህል ክሎሪኑ በወጣለት የቧንቧ ውኃ መተካት። ይህ አሞኒያውን እየቀነሰ ባይካርቦኔቱን ይመልሳል። የቧንቧው ውኃ ራሱ ባይካርቦኔት የሚጎድለው ከሆነ ሶዳውን መጠቀም ይቻላል፤ ለ100 ሊትር 3 ግራም ቢጨመር በመለኪያዎቹ ላይ ኬኤች የሚባለውን የባይካርቦኔት መጠን በ1 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የእኛ አራት ማንኪያ ምን ያህል እንደ ነበር አንባቢ ያስላው። (በየወጥ ቤቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ቤኪንግ ፓውደር ነው። እርሱ አሲድ የተቀላቀለበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።) የተሰበረ ዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ በማጣሪያው ውስጥ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ውኃው አሲዳማ ሲሆን በዝግታ ይሟሟል። ድንጋዩ እውነተኛ የኖራ ድንጋይ መሆኑ አቼቶ ሲንጠባጠብበት በሚያወጣው አረፋ ይታወቃል።

ሁሉም ዝቅተኛ ፒኤች መስተካከል አለበት ማለታችንም አይደለም። «ትክክለኛው ፒኤች 7 ነው» የሚለው የሻጮች ምክር መሠረት የለውም። ካርዲናል ቴትራ የተባለችው ትንሽ ዓሣ የምትገኘው በብራዚሉ የሪዮ ኔግሮ ተፋሰስ ነው፤ የዚያ ወንዝ ፒኤች በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ነው። በሐዋሳ ሐይቅ የሚኖረው ቆሮሶ ደግሞ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ ይራባል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለማስታረቅ መሞከር ሁለቱንም መበደል ነው። ባለ ገንዳው ሊጠይቅ የሚገባው ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩን የያዘው ምንድን ነው ብሎም ነው።

ትምህርታችንም ነገሩን በዚህ መልክ አላሳየንም። ባፈርን የተማርነው በአሴቲክ አሲድና በሶዲየም አሴቴት ነው፤ ቀመሩን በቃላችን አጥንተን ቁጥሮቹን ተካንበት፣ ነጥቡንም አገኘን። አንድም ቀን ባፈር ሲያልቅ አላየንም። በየላቦራቶሪው አንድ ትንሽ ገንዳ ተቀምጦ ተማሪዎች ኬኤቹን በየሳምንቱ ቢለኩት፣ መከላከያው ሲሟጠጥና ፒኤቹ ሳይነቃነቅ ቆይቶ ሲወድቅ በዓይናቸው ያያሉ። ወጪው ከብዙ ሪኤጀንቶች ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም።

የሳሎኑ ገንዳ ዛሬም አለ። በማጣሪያው ውስጥ አንድ እፍኝ ዛጎል በመረብ ከረጢት ታስሮ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ለቅየራ የሚሆን ውኃ በሰፊ ባልዲ ያድራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኬኤቹን እንለካለን፤ ፒኤቹን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ከዚያ ሌሊት ከተረፉት ሦስት ጉፒዎች ሁለቱ እንስት ነበሩ፤ የእነርሱ ዘሮች አሁን ከ40 አልፈዋል። በዚህም የተነሣ በሳምንት ግማሽ ዲግሪ ይቀንስ የነበረው ኬኤች አንድ ዲግሪ መቀነስ ጀምሯልና፣ ጉፒ የሚወስድልን ሰው በመፈለግ ላይ እንገኛለን።