የኳስ ሜዳ ጀግኖቻችን

አባቶችና እናቶች፣ በጊዳ አያና ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ በየቀኑ እናያለን። ዛሬ ስለ ኳስ እናንብብ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ግብፅ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። የእኛዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። መጀመሪያ ተክሌ ኪዳኔ፣ ቀጥሎ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገቡ። 2 ለ 2 ሆነ። 30 ደቂቃ ተጨመረ። የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አገባ። መንግሥቱ ወርቁ ደገመ። 4 ለ 2! ዋንጫው እዚሁ አገራችን ቀረ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ልብ በሉ፤ አራት ጎል፣ አራት አግቢ! አንድ ሰው ብቻውን አላሸነፈም።

በጆሮ የሰማነው ይረሳል፤ የጻፍነው ይቆያል። እንግዲህ የአራቱን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።