የቅጹ ሦስተኛ መስመር

በሜሪላንድ የሚኖር ወዳጄ ልጅ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የትምህርት መምረጫ ቅጿን አሳየችኝ። ግጥም አፍቃሪ ናት። በሦስቱ መስመሮች ላይ የሞላችው ግን ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ካልኩለስ ነው። «ሥነ ጽሑፉንስ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ እሱማ ለኮሌጅ አይጠቅመኝም» አለችኝ።

«ኤፒ» የሚባሉት ከፍተኛ ትምህርቶች ወደ 40 ይጠጋሉ። መራጭ ኮሌጆች የሚመዝኑት፣ ተማሪው ትምህርት ቤቱ ካቀረበለት መካከል ከበድ ያለውን መድፈሩን ነው። ከባድ ማለት ግን ሳይንስ ብቻ አይደለም። የሥነ ጽሑፉ ፈተና 3 ሰዓት ይፈጃል፤ 55 የምርጫ ጥያቄዎችና 3 ድርሰቶች አሉት፤ አንዱ ድርሰት እዚያው የሚሰጥን ግጥም መፍታት ነው። ሰምና ወርቅ ሲለይ የኖረ ሕዝብ ይህን ሙያ ቀላል ሊለው አይገባም።

ደግሞም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በሜይ ወር፣ አብዛኞቹ የመግቢያ ውሳኔዎች ከተነገሩ በኋላ ነው። ለመግቢያ ተብሎ ብቻ የተያዘ ትምህርት፣ በሩ ከተከፈተም በኋላ ሸክም ሆኖ ይከተላል።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጎበዙን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ የቀረውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የመላክ ልማዳችንን ባሕር አሻግረን ያወረስናት እኛ ነን። መሐንዲስነት ለሚሻ ካልኩለስ ግድ ነው፤ አልክድም። እሷ ግን መሐንዲስነትን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ቅጹ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ሁለቱን ሳይንሶች ትያዝ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ግን የምትወደውን ትጻፍ።