የመቐለ ሜስ ስሙን ሳይቀማ

"መቐለ ውስጥ በቤተሰብ የሚተዳደር የወይን ጠጅ ጠመቃ አለ ወይ?" ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው "የለም" ይላል። የወይን ጠጅ ሲባል ትዝ የሚለን አዋሽ ነው፤ ወይም ዝዋይ ላይ ያለው የካስቴል የወይን እርሻ። እኔ ግን አለ ባይ ነኝ። ስሙ ሜስ ቤት ነው። ጠማቂዋ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እናት ናት፤ ሙያውን ከእናቷ ወርሳ ለልጇ ታወርሳለች። በወይን ፍሬ ፈንታ የምትጠቀመው ማር ነው። መሀል አገር ጠጅ የምንለውን ትግራይ ሜስ ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው፦ ሜስ በሕግ የተጠበቀ ስም ያስፈልገዋል፤ ያውም በቶሎ። ለምን?

መጀመሪያ መጠጡ ምን እንደሆነ እንይ። በተለመደው ምጣኔ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበረዛል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጌሾ ይገባበታል። ከፋብሪካ የተገዛ እርሾ የለም። ማሩ፣ ጌሾውና ጋኑ ራሳቸው ይዘውት የመጡት እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ ከታች ወደ ላይ የምትወጣው አረፋ ያቺ ጋዝ ናት። ሜስ በሃይላንድ ጠርሙስ ገዝቶ መንገድ የሄደ ሰው ላስቲኩ ተነፍቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት "ጧ" ሲል ያውቀዋል። አውሮፓ ውስጥ መፍላቱን ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ የሚታሸግ፣ አረፋውን ከራሱ የሚያወጣ ወይን "ተፈጥሯዊ" ተብሎ በውድ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ተመሳሳዩ ነገር በጀሪካን ይቀዳል።

ማሩም ተራ ማር አይደለም። አጽቢና ውቅሮ አካባቢ ከክረምቱ ማግስት ጠበብና ግርብያ ሲያብቡ የሚቆረጠው ነጭ ማር አገር ያወቀው ነው። መሬት ለሌላቸው ወጣቶችም ተስፋ ነበር፤ ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከልለው ያገገሙ ተራሮች ላይ ተደራጅተው ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ንብ ሰፊ ማሳ አትጠይቅም፤ አበባ እንጂ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቀፎ ተቃጠለ፣ ተዘረፈ፤ ንቡም ተሰደደ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ብዙ ንብ አናቢ የጀመረው ከባዶ ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ማር ሲወደድ የስኳር ጠጅ ይበዛል። ስኳር፣ ጌሾ፣ ትንሽ ማር ለሽታ፣ ቀለም ለማሳመር፤ ከዚያ "ንጹሕ የማር" ተብሎ ይሸጣል። ጠጅ ሁሉ ደማቅ ቢጫ መሆን አለበት ብሎ የለመደ ደንበኛ ከነጭ ማር የተጣለውን ፈዛዛ ሜስ አይቶ "ይሄማ ውሃ የበዛበት ነው" ሊል ይችላል። በዚህ ገበያ የምትከስረው እውነተኛዋ ጠማቂ ናት። ከስኳሩ ዋጋ ጋር መወዳደር አትችልም። ወይ እሷም ስኳር ትጨምራለች፣ ወይ ጋኗን ትደፋለች። እሷ ስታቆም ደግሞ የአጽቢው ወጣት ማሩን የሚገዛው አንድ ደንበኛ ያጣል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዓለም ስመ ጥር የሆነው አረፋማ ወይን ሻምፓኝም በዚሁ አልፏል። ከመቶ ዓመት በፊት የሻምፓኝ ነጋዴዎች ከሌላ የፈረንሳይ ክፍል ርካሽ ወይን እያመጡ በሻምፓኝ ስም ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ገበሬው አመፀ፤ የነጋዴዎች መጋዘንና ቤት ተቃጠለ፣ ጦር ሠራዊት ገባ። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1936 የስሙ ሕግ ጸና፤ ከተከለለው ወረዳ ውጭ የበቀለ ወይን ሻምፓኝ መባል ቀረ። ዛሬ በዚያ ስም የሚኖሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም። ጥቂት ሄክታር ይዘው ራሳቸው የሚጠምቁ ቤተሰቦችም አሉበት። ያቆያቸው ስሙ ነው።

"ፈረንሳይ ሌላ፣ እኛ ሌላ" የሚል ካለ ቡናን ያስታውስ። ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ይርጋጨፌንና ሐረርን በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ተፋጠጠች፤ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ድሃ አገር በስሟ ጉዳይ ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ተደራድራ የምትፈልገውን ማግኘት እንደምትችል ያኔ አይተናል። ለሜስም መነሻ የሚሆን ሕግ አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አንድ ማኅበር ለአባላቱ የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የመቐለ ሜስ ጠማቂዎች በማኅበር ይደራጁ፤ ምልክቱ የማኅበሩ ይሁን። ደንቡም ከሦስት ነጥብ አይብለጥ፦ ማሩ የትግራይ ማር ይሁን፤ ስኳር አይግባበት፤ አረፋው ከራሱ መፍላት ይምጣ እንጂ ጋዝ አይጨመርበት። ለቁጥጥሩ በየቀኑ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ደረሰኝና ሒሳብ ብዙ ይሠራል። መቶ ኪሎ ማር 70 ሊትር ገደማ ነው፤ በአንድ ለሦስት ሲበረዝ ወደ 280 ሊትር ሜስ ይሰጣል። በመቶ ኪሎ ማር ሺህ ሊትር "ንጹሕ ሜስ" የሸጠን ሰው የገዛ መዝገቡ ያጋልጠዋል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው "ሰው በመጠለያ ተቀምጦ እያለ የመጠጥ ስም ማስከበር ቅንጦት ነው" የሚል ነው። ተፈናቃይ ወደ ቀዬው ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል፤ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የሚመለሰውም፣ ቀድሞ የተመለሰውም ሥራ ይፈልጋል። ቀፎ፣ ጌሾ፣ ጋን፦ እነዚህ ከውጭ ምንዛሬ የማይጠብቁ፣ ሴቶች በራሳቸው እጅ የያዟቸው የሥራ ዕቃዎች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። "ስሙ ዋጋ ሲያወጣ ባለ ገንዘብ መጥቶ ይወስደዋል፤ እናቶቹ ተቀጣሪ ይሆናሉ" የሚል ነው። ይህ ስጋት እውነት ነው። ግን ስሙን ሳያስመዘግቡ መተው ስጋቱን አያስቀረውም፤ ያፋጥነዋል። ባለቤት የሌለው ስም ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው የሚወስደው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የማር ወይን በሚያምር ጠርሙስ ታሽጎ፣ እንደ ወይኑ ዓለም "ብሩት" እና "ደሚ ሴክ" ተብሎ ተለይቶ ለገበያ ቀርቧል፤ ያዘጋጀው የእኛው ሰው አየለ ሰለሞን ነውና ደስ ይላል። ነገ ግን የማናውቀው ኩባንያ ስኳርና ጋዝ ቀላቅሎ "ሜስ" የሚል ስም ቢለጥፍበት በየትኛው ወረቀት እንከራከራለን?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። የሜስ ስም ገና ከመቃብር በላይ ነው፤ ማሩም፣ ጌሾውም፣ ሙያውን የያዙት እናቶችም አሉ። የከተማው አስተዳደር፣ የንግድ ቢሮውና የአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ተቀራርበው ማኅበሩን ቢያግዙ ነገሩ አንድ ፋብሪካ ለማቆም ከሚወጣው ወጪ እጅግ ባነሰ ይጠናቀቃል። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ሜስ ስታዝዙ "የማር ነው የስኳር?" ብላችሁ ጠይቁ። ገበያው መስተካከል የሚጀምረው ጠጪው ሲጠይቅ ነው።