መቅዳት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሥዕል የሚማሩ ወጣቶች ሥራቸውን ለሰው ሲያሳዩ ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ኮፒ ነው!»። ቃሏ ከወጣች በኋላ ወደ ሸራው ጠጋ ብሎ የሚያይ የለም። ፍርድ ተሰጥቷል፤ ልጁ ሌባ ነው። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። እንዲያውም ጽጌረዳ መሣል የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሌላውን ሠዓሊ ጽጌረዳ በትዕግሥት ይቅዳ ባይ ነኝ።

አበባን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አበባ ሠዓሊውን አይጠብቅም። ጠዋት እንቡጥ የነበረው ማታ ይፈነዳል፤ ውሎ ሲያድር አንገቱን ይደፋል። ጀማሪ ደግሞ ቀለም ሲደባልቅ ብቻ ግማሽ ቀን ይመሽበታል። የተሣለ አበባ ግን አይጠወልግም። ነጩ አበባ ነጭ ሆኖ የታየው በዙሪያው ባለው ግራጫ መሆኑን፣ ከኋላ ያሉት ቅጠሎች ጠርዛቸው ሆን ተብሎ መደብዘዙን፣ የቱ ቀለም ቀድሞ የቱ በላዩ እንደተደረበ፣ እጅ ካልሞከረው ዓይን ብቻውን አይደርስበትም። «ከውስጥህ አውጣ» የሚሉ መምህራን ያናድዱኛል። ምን ገብቶ ነው የሚወጣው?

ፈረንሳዊው አንሪ ፋንታን-ላቱር (እ.ኤ.አ. 1836–1904) ዛሬ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው በአበባ ሥዕሎቹ ነው። በወጣትነቱ ሉቭር ሙዚየም እየተመላለሰ የቀደምቶቹን ሥራ ይቀዳ ነበር፤ የቬሮኔዜን የቃና ዘገሊላ ሠርግ ደጋግሞ ቀድቷል፤ ለእንጀራውም ቅጂ ይሸጥ ነበር። (ሚስቱን ቪክቶሪያ ዱቡርን የተዋወቃትም እዚያው ሲቀዱ ነው፤ እሷም የአበባ ሠዓሊ ነበረች።) ቫን ጎግ በ1887 የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ያበበ ዛፍ በዘይት ቀለም ቀዳ፤ በማግሥቱ ዓመት እነዚያን የሱፍ አበባዎች ሣለ። እነዚህን ሰዎች «የራሳቸው የላቸውም» የሚል ካለ ይምጣ።

ፈረንጅ ምን ቸገረን ለሚለኝ ደግሞ የቅኔ ቤቱን ላስታውሰው። ተማሪው የመምህሩን ጉባኤ ቃና ሰምቶ፣ በቃሉ ይዞ፣ አገባቡን ፈትቶ ነው ወደ ራሱ ቆጠራ የሚሻገረው። የበቃው ሊቅ የሚያደርገውን እንኳ አባቶች «ዘረፋ» ነው ያሉት! ለቃል የፈቀድነውን ለቀለም የምንነሣው ለምንድን ነው?

ሌባ የለም አልወጣኝም። የሰው ሥራ ቀድቶ ከግርጌው የራሱን ስም ጽፎ የሚሸጥ አለ፤ እሱን ሌባ እንበለው። ሉቭር ዛሬም ለቀጂዎች ፈቃድ ይሰጣል። የሚከለክለው ቅጂው በመጠን ከዋናው እኩል እንዳይሆንና የባለሥዕሉ ፊርማ እንዳይቀዳ ነው። «ከእገሌ የተቀዳ» ብሎ በሸራው ጀርባ መጻፍ እኛን ምን ያቅተናል?

እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቻችን ከምን ላይ እንደሚቀዱ ነው። መዳፍ ከማይሞላ የስልክ ምስል ላይ! እዚያ የብሩሽ ዱካ የለም፤ የቀለም ውፍረት የለም። ሉቭር በ1793 ለሕዝብ ሲከፈት ለሠዓሊዎች ለብቻቸው ቀናት ተመድበውላቸው ነበር። የከተማችን ጋለሪዎች በሳምንት ግማሽ ቀን አንድ ተማሪ ሸራውን ተክሎ ከዋናው ሥዕል ፊት እንዲቆም ቢፈቅዱ ምን ይጎድልባቸዋል? ወለሉ ላይ ቀለም ይንጠባጠባል ከተባለም ጋዜጣ ይነጠፍ።