የማባዣ ሠንጠረዥ ከመሸምደዱ በፊት ይገንባ



በብዙ ክፍሎች ማባዛት የሚጀመረውም የሚያበቃውም በደብተር ጀርባ ላይ በታተመው ሠንጠረዥ ነው። ልጁ የሰባትን ብዜት ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወጣዋል፤ ነጥሎ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ሲሉት ግን ከሰባት ጊዜ አንድ ይጀምራል። እኔ ሽምደዳ ይቅር አልልም፤ ሠንጠረዡ በቃል መያዝ አለበት። የምለው፣ ልጁ በቅድሚያ ከሚያውቀው ተነሥቶ የማያውቀውን ማውጣት ይማር ነው።

እስከ አሥር ያለው ሠንጠረዥ 100 ውጤቶች አሉት። ሦስት ጊዜ ስምንትና ስምንት ጊዜ ሦስት እኩል መሆናቸውን ለተረዳ ልጅ 55 ብቻ ይሆናሉ። የአንድና የአሥር ብዜቶች አያስቸግሩም፤ እነሱ ሲወጡ 36 ይቀራሉ። በሁለት ማባዛት ማጠፍ ነው፤ አምስት ደግሞ የአሥር ግማሽ ስለሆነ ቀሪው 21 ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ከ70 ላይ 7 መቀነስ ነው፤ በአራት ማባዛትም ሁለት ጊዜ ማጠፍ ነው። በመጨረሻ የሚቀሩት 10 ብቻ ናቸው፤ እነሱም መንገድ አላቸው። ስድስት ጊዜ ሰባት፣ 35 ላይ 7 ሲጨመር 42 ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ሰባትን ሦስት ጊዜ ማጠፍ ነው፦ 14፣ 28፣ 56። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ኤዲ ግሬይና ዴቪድ ቶል እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት በመደመርና በመቀነስ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፦ ጎበዞቹ ልጆች ከሚያውቁት ውጤት አዲሱን ሲያወጡ፣ ደካሞቹ አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ደካማው ልጅ የሚደክመው ከባዱን መንገድ ስለያዘ ጭምር ነው።

«ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለዚህ ጊዜ የለም» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ስልቱ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። በየዕለቱ አንድ ጥያቄ ጽፎ፣ ከመልሱ በኋላ «እንዴት አገኘሽው?» ብሎ ሁለት ሦስት ልጆችን ማናገር ይበቃል። «መንገድ ሲበዛ ልጅ ግራ ይጋባል» ለሚሉም መልሱ አንዱ ሳይጸና ሌላውን አለማምጣት ነው። የሸመደደው የጠፋበት ልጅ የሚይዘው የለውም፤ መንገዱን የሚያውቅ ግን መልሶ ይደርስበታል። «ስልክ ያሰላ የለም ወይ?» የሚለውም አያሳምነኝም፤ ቁጥር በስሕተት ሲነካ መልሱ የማይመስል መሆኑን የሚያስተውለው በራሱ መገመት የሚችል ሰው ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚልም ካለ፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እያጠፉ ማባዛት በውጭ የሂሳብ ጽሑፎች ሳይቀር «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ይጠራል። 16 ጊዜ 25፣ 8 ጊዜ 50 ይሆናል፤ ከዚያ 4 ጊዜ 100፣ 400። በስማችን የሚጠራውን ስልት ልጆቻችን ሳያውቁት ማደጋቸው ያሳዝነኛል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች እነዚህን መንገዶች ከሠንጠረዡ በፊት ያስገቧቸው፤ ፈተና አውጪዎችም ለመልሱ ብቻ ሳይሆን መልሱ ለተገኘበት መንገድ ነጥብ ይስጡ። ነጥብ የማይሰጥበትን ነገር መምህሩም ተማሪውም አይዘልቁበትም።