ወተቷን እንለካለን፣ ባዶ ቀኗን ማን ይቆጥራል?

ባለፈው ሳምንት እማዬን ልጠይቅ ገጠር ሄጄ ነበር። ገና አረፍ ሳልል «ልጄ፣ ላሚቱ ዘንድሮም አልያዘችም» አለችኝ። ከወለደች 14 ወር ሆኗታል። ወተቱ ከአንድ ሊትር በታች ወርዷል። የምትበላው ገለባ ግን ያው ነው፣ አልቀነሰም።

«ኮርማ አልፈለገችም እንዴ?» አልኳት።

«እንዴት አትፈልግ! አንዴ ለጥምቀት ሰሞን ነበር፣ ልብ ያላት የለም። አሁን በቅርቡ ደግሞ እሁድ ማታ እምቧ ስትል አደረች። አዳቃዩ የደረሰው ማክሰኞ ነው።»

እንግዲህ የሂሳብ መምህር ነኝና ሂሳቡን እንሥራው። ላም የምታረግዘው 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ነው። በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ ያለን ጊዜ 80 ቀን አካባቢ ብቻ ነው። ጥቅምት 1 የወለደች ላም ታኅሣሥ ሳያልቅ መያዝ አለባት ማለት ነው። አንድ ድራት ካመለጠ ቀጣዩ ከ21 ቀን በኋላ ነው። ሦስቴ ካመለጠ ሁለት ወር አለፈ። በየመንደራችን በሁለት ዓመት አንዴ የምትወልድ ላም የበዛችው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

«ቶሎ ማስጠቃት ላሚቱን ይጎዳል» የሚሉ አባቶች አሉ። ልክ ናቸው፤ ማህፀኗ ሳያገግም አይሆንም። 45 ቀን፣ ቢቻል 60 ቀን ትረፍ። የከሳች ወይም በመጀመሪያ ልጇ ያለች ከሆነ ትንሽ ይጨመርላት። ከዚያ በኋላ ግን መጠበቅ ኪሳራ ነው። ደግሞም ጭድ ብቻ የበላች፣ ጥጃ ቀኑን ሙሉ የሚጠባት ላም ድራቷ ይዘገያል። ትንሽ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ፣ ጥሩ ድርቆሽ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ድራት የሚቆየው አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ዋናው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ መቀበሏ ነው። መጮህ፣ ወተት መቀነስ፣ ከኋላዋ የሚወርድ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽም አለ። ጠዋት ካያችሁ ከሰዓት፣ ማታ ካያችሁ በነጋታው ጠዋት ትዳቀል። አስቡት፣ የኮርማው ዘር ቃሊቲ ተመርቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ አባይን ተሻግሮ እዚህ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ድካም የመጨረሻዋ አንድ ቀን ላይ ይበላሻል!

ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ላም ቅዳሜና እሁድ አታውቅም። ጤና ጣቢያ ተረኛ እንዳለው ሁሉ ለማዳቀልም ተረኛ ይመደብ። ባለሙያዎቹንም አልወቅስም፤ ሞተርና ነዳጅ ሳይኖረው አንድ ሰው ስንት ቀበሌ ያዳርስ?

ሁለተኛ፣ ምልክቱን የሚያየው የሚያልብ ነው። በረቱን የሚጠርጉት፣ ወተቱን የሚያልቡት እናቶቻችን ናቸው። ሥልጠና ሲጠራ ግን የሚሄደው አባወራው ነው፣ የአዳቃዩ ስልክ ቁጥርም ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። እማዬ እሁድ ማታ ሁሉንም አውቃ ነበር፤ የምትደውልበት ስልክ ብቻ ነው ያጣችው።

እኔ ከመመለሴ በፊት የአዳቃዩን ቁጥር ስልኳ ላይ መዘገብኩላት። ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ደግሞ እሁድን አክብቤ ከዚያ 21 ቀን ቆጠርኩ። በዚያ ቀን ዳግም ከጮኸች አልያዘችም ማለት ነው፣ ወዲያው ይደወላል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ላማችን የወለደችው መቼ ነው?» መልሱን ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ። ቀኑን አብረን እንቆጥራለን።