ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሮም በኋላ

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት መሆኑንም ብዙዎች ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት ታሪኩን ከእኩሌታው ላይ እናቋርጠዋለን።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ. ም. ሌሊት ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠችና የአከርካሪ አጥንቱ ተጎዳ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለብዙ ወራት ታክሞ እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አላቆሙትም። ዕድሜው 36 ነበር።

«ከዚህ በኋላ ምን ቀረው?» የሚል ይኖራል። እጆቹ ቀርተውታላ! በ1962 ዓ. ም. እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። በ1963 ዓ. ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ፤ ውርጭን ከጉና ተራራ በቀር ለማናውቀው ለእኛ ነገሩ ተረት ይመስላል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ. ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። እኔ ከሮሙ ይልቅ የኖርዌዩን ድል አበልጣለሁ፤ ወደ ሮም ሲሄድ ጤነኛ እግር ይዞ ነበርና።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ሲደርስ በክራንች የሚሄደው ጓደኛችን የሯጮች ልብስ ጠባቂ ይሆናል። የምናስቀምጠው ከክፋት ሳይሆን «እንዳይደክም» ብለን ነው፤ ነገር ግን መድከም ይፈልግ እንደ ሆነ መቼ ጠየቅነው? ወላጆችም እግሩ የታመመውን ልጅ በዚያ ቀን ቤት ያስቀሩታል።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚሉ አሉ። ጭድ የተሞላ ጆንያ ለቀስት ዒላማ ይበቃል፤ የጠረጴዛ ቴኒሱንም ጠረጴዛ የአንበሳሜ አናጢዎች አያቅታቸውም። እንግዲህ መምህራኖቻችን የሚመጣውን ዓመት ፕሮግራም ሲያወጡ ከ100 ሜትሩ ሩጫ ቀጥሎ «የቀስት ዒላማ» ብለው ይጻፉልን፤ ልብሳችንን ተራ በተራ እንጠብቃለን።